ንቦች የሰፈሩበት ስድስተኛው ድንኳን

ሳይሳሳት የሚኖር ሰው የለም፤ ይህ ለፈጣሪ ብቻ የተገባ ነው። ይሁን እንጂ የገዛ ስሕተቱን በሌላው ደጃፍ ጥሎ የማይሄድ፣ ጎንበስ ብሎ አንሥቶ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ከብዙዎች መካከል ጥቂት ነው። ታሪካቸውን በዚህ ጽሑፍ የማኖርላቸው ድንኳን ሰፊ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ናቸው። ባለጸጋ አይደሉም፤ ሹመት አላገኙም፤ ስማቸውም ከሚኖሩባት ከተማ ዳርቻ አልፎ አልተሰማም። ነገር ግን እግዚአብሔር ሰውን የሚለካበት ክንድ እኛ ከምንለካበት ክንድ የተለየ መሆኑን ለሚያምን ሁሉ፣ የእኚህ ሰው ሕይወት ሊነገር የሚገባው ነው።

የሰፈሩ ሰው «አባባ ሸራ» ይላቸዋል። ባለቤታቸው በጓሯቸው ዐሥራ ሁለት የንብ ቀፎ ስላላቸው «እማማ ቀፎ» ይባላሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን በመንገድ ሲያልፉ ያየ ሁሉ «ሸራና ቀፎ መጡ» ብሎ ፈገግ ይላል፤ እነርሱም ያውቃሉ፤ አይከፋቸውም። የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። አባባ ሸራ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከንብ አርቢ ጋር ሲኖሩ፣ ሠላሳ አራቱንም ዓመት ንብ እንደ ፈሩ ነው የኖሩት። በቀን ብርሃን ወደ ጓሮ አይዘልቁም።

«ንቦቹ እኮ ያውቁሃል» ይሏቸዋል ባለቤታቸው።

«እኔም አውቃቸዋለሁ፤ የምፈራቸውም ስለማውቃቸው ነው» ይላሉ እሳቸው።

የሥራ ቤታቸው በወፍጮ ቤትና በብስክሌት ጠጋኝ መካከል ያለ፣ ፊቱ ጠባብ ውስጡ ግን ረጅም የሆነ ክፍል ነው። ጠረጴዛ የለውም። የስፌት መኪናዋ የተተከለችው በወለሉ ውስጥ በተቆፈረና በእንጨት በተለበጠ ጉድጓድ ነው፤ ስለዚህ የመኪናዋ ገበታ ከወለሉ ጋር እኩል ይሆናል። ሰፊው እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ ይቀመጣል፤ ከባዱ ሸራም ሳይነሣ በወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መርፌዋ ይመጣል። ብስክሌት ጠጋኙ በየጧቱ በበሩ ብቅ እያለ፣ «አባባ፣ ዛሬም በቁምዎ ጉድጓድ ገቡ?» ይላቸዋል። «ገባሁ፤ አንተ ግን አፈር ለማልበስ አትቸኩል» ብለው ይመልሱለታል።

ሙያውን የወረሱት ከአጎታቸው ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ አጎታቸው ሥራ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የተማሩት መስፋትን ሳይሆን መቀመጥን ነበር። አጎትየው አንድን ድንኳን ለባለቤቱ ከማስረከባቸው በፊት በግቢያቸው ተክለው ጣሪያው ላይ ሃያ ባልዲ ውኃ ያፈስሱበታል፤ ተማሪያቸው ደግሞ ነጭ መሐረብ በራሱ ላይ ጣል አድርጎ ከሥሩ ይቀመጣል። በመሐረቡ ላይ አንዲት የውኃ ነጥብ ከታየች ስፌቱ በሙሉ ይተረተራል። «ከዚህ ሥር የሚተኛው ማን እንደሆነ አታውቅም» ይሏቸው ነበር አጎታቸው። «ምናልባት ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት ሰው ይሆናል። ውኃ ሁለተኛ እንዳያገኘው።»

በዚህ ሥርዐት አባባ ሸራ ለመንገድ ሠራተኞች፣ ለመሬት ቀያሾች፣ ቤታቸውን ውኃ ለወሰደባቸው ቤተሰቦች የሰፉት ድንኳን ከቍጥር በላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ። ከፋብሪካ የሚወጣ የፕላስቲክ ድንኳን ገበያውን ሞላው፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ በሁለተኛው ዓመት ተቀድዶ በየአጥሩ ላይ የሚውለበለብም እርሱ ነው። ለአባባ ሸራ የቀረላቸው ሥራ የጭነት መኪና ሸራ መጣፍ ሆነ።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ከአባቷ ጋር በዚያች ጉድጓድ ጫፍ ተቀምጣ አድጋለች፤ በዐሥራ ሁለት ዓመቷ የሠራችው ስፌት ከአባቷ ስፌት አይለይም ነበር። ነገር ግን ሥራው ሲቀዘቅዝ ወደ ሩቅ ከተማ ሄዳ በልብስ ፋብሪካ ተቀጠረች። እዚያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሱሪ የግራ ኪስ ብቻ ስትሰፋ ኖራለች። «የቀኙን ኪስ የሚሰፋው ማን እንደሆነ ይኸው እስከ ዛሬ አላየሁም፣ አባዬ» ትላቸዋለች በስልክ። ይስቃሉ። ስልኩን ሲያስቀምጡት ግን እሷ ትቀመጥበት የነበረውን የጉድጓዱን ጫፍ ያያሉ።

ነገሩ እንዲህ ባለበት አንድ ቀን አንዲት ቀልጣፋ ሴት ወደ ሥራ ቤታቸው መጣች።

«አባባ፣ ድንኳን ይሰፋሉ ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

«እሰፋለሁ ልጄ። ማን ችግር ላይ ወደቀ?»

«ማንም አልወደቀም። እንግዶች ላሳርፍበት ነው።»

«ቤት የላቸውም?»

«አላቸው፤ ያውም ትልልቅ ቤት። ግን ከቤታቸው ወጥተው ዛፍ ሥር ማደር ይፈልጋሉ። አልጋው የሚመች፣ አንሶላው የጸዳ፣ መታጠቢያው ሙቅ ውኃ ያለው ሆኖ ማለት ነው።»

አባባ ሸራ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከድንኳን ወደ ቤቱ እንዲመለስ ስጸልይ ኖሬያለሁ። አንቺ ደግሞ ከቤቱ ወደ ድንኳን ልትመልሽው?»

ሴትዮዋ ከልቧ ሣቀች። ከዚያም በሸራው ጥቅል ላይ ተቀምጣ አሳቧን በዝርዝር አስረዳቻቸው። ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ በሐይቁ ዳር ያለውን ደን ለማረፊያ ተረክባለች። አንድም ዛፍ አይቈረጥም፤ በዛፍ ላይ ሚስማር አይመታም፤ ሲሚንቶ አይፈስስም። መብራቱ ከፀሐይ የሚገኝ ነው። መጸዳጃው ውኃ የማይፈልግ፣ በመጋዝ ብናኝ የሚሸፈንና በጊዜው ማዳበሪያ የሚሆን ነው። የእንግዳው ወራት ሲያልፍ ድንኳኖቹ ይነቀላሉ፤ ሣሩም ሰው እንዳላረፈበት ሆኖ ይበቅላል።

«ስለዚህ ፕላስቲክ አልፈልግም፤ መድኃኒት የተቀባ ሸራም አልፈልግም» አለች። «አንድ ቀን ሲያረጅ አፈር ውስጥ ብቀብረው አፈር የሚሆን ድንኳን ነው የምፈልገው።»

ይህ ቃል የአባባ ሸራን ልብ ነካው። ሰው በምድር ላይ አርፎ ምድሪቱን እንዳገኛት ትቶ መሄዱ፣ ለእንግድነታችን የተገባ ጠባይ መስሎ ታያቸው። ስምንት ድንኳን ሊሰፉላት ቃል ገቡ። እርሷም እንዲህ አለቻቸው፦ «የመጀመሪያዎቹ እንግዶቼ ያለ ምንም እክል ካረፉባቸው፣ ከተራራው ማዶ ለምከፍተው ሁለተኛ ካምፕ ሃያ ድንኳን አዝዝዎታለሁ። የሁሉንም ጥገና ለእርስዎ እሰጣለሁ።»

ወሬው በስልክ ልጃቸው ዘንድ ደረሰ። ልጅቱም የሃያ ቀን ፈቃድ ወስዳ መጣች። በመጣችበት ቀን ሻንጣዋን ሳትፈታ፣ ጉዳዩን ቍርጥ አድርጋ ተናገረች።

«አባዬ፣ የሃያው ትእዛዝ ከተሰጠህ የፋብሪካውን ሥራ ለቅቄ እዚሁ እቀራለሁ። ካልተሰጠህ ግን ይህን ቤት ዘግተህ፣ አንተም እማዬም እኔ ዘንድ ትመጣላችሁ። ሁለታችሁን በስልክ መጦር ሰለቸኝ።»

«ቀፎዎቼስ?» አሉ እናቷ።

«በአውቶቡስ ይመጣሉ።»

«ለየብቻ ነው ትኬት የምትቈርጪላቸው ወይስ በጅምላ?»

ሣቁ። ይሁን እንጂ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ሦስቱም ያውቁ ነበር። አባባ ሸራ ሌሊትና ቀን የሚለምኑት አንድ ነገር ልጃቸው ወደ ቤቷ እንድትመለስ ነበር፤ ይህም በስምንቱ ድንኳኖች ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አሁን ስለ ሰሙ መናገር ይገባል፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እርሱ ነውና። ሸራ ውኃ እንዳያስገባ የሚደረግበት የጥንቱ ዘዴ የንብ ሰም ነው። ሰሙ ከተልባ ዘይት ጋር ይቀልጣል፤ ትኩሱን በብሩሽ ይቀባል፤ ከዚያም በጋለ ካውያ እየተተኰሰ ወደ ድሩ እንዲገባ ይደረጋል። እያንዳንዱ ድንኳን ሁለት ጣሪያ አለው፤ የውስጡ ለጥላ፣ የላይኛው ለዝናብ፤ በመካከላቸው ነፋስ ይመላለሳል። በሰም የሚቀባው የላይኛው ብቻ ነው። ሰሙን የሚያቀርቡት ባለቤታቸው ነበሩ፤ ማሩ ከተወሰደለት በኋላ የቀረውን ሰፈፍ በቅርጫት ሞልተው እያመጡ።

«ስማኝ» አሏቸው እማማ ቀፎ በመጀመሪያው ቀን። «ሰፈፉን ሁለት ጊዜ አፍላው። የመጀመሪያው ፍል እድፉን ነው የሚያወጣልህ። የማሩን ለዛና የቀፎውን ሽታ የሚያወጣው ሁለተኛው ነው። ቀፎ ቀፎ ከሸተተ ንብ የገዛ ቤቷ ይመስላታል።»

«እሺ፣ እመቤቴ።»

ሦስቱን ጣሪያዎች እንደ ተባሉት አደረጉ። በአራተኛው ግን ጊዜው አጠረ። ሁለተኛው ፍል ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ሰሙ መቀዝቀዝ፣ መታጠብ፣ እንደ ገና በወፍራም ጨርቅ መጠለል አለበት። ከጊዜውም በላይ ሽታው አታለላቸው። አንድ ጊዜ የፈላው ሰም የአበባና የሞቀ ማር መዓዛ ነበረው፤ ሁለት ጊዜ የፈላው ግን ምንም አይሸትም። አባባ ሸራ ብሩሹን ይዘው ቆሙና በልባቸው፣ «እንግዶቹ ይህን መዓዛ ለመሳብ አይደል እንዴ ከቤታቸው የሚወጡት? ለምን አፍስሼ እጥለዋለሁ?» አሉ። ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉትን አምስት ጣሪያዎች አንድ ጊዜ ብቻ በፈላ ሰም ቀቧቸው።

«አፈላኸው?» ብለው ጠየቁ ባለቤታቸው ከጓሮ።

«አፈላሁት» አሉ።

ውሸት አልተናገሩም። እውነቱን ግን ግማሹን ዋጡት።

ድንኳኖቹ በሐይቁ ዳር በተተከሉ ጊዜ የውበታቸው ነገር ለዓይን ያስደስት ነበር። ከሸራው ሥር የእንጨት ወለል በድንጋይ ላይ ተደላድሏል። አልጋው ወድቀው ከተገኙ ግንዶች የተሠራ፣ ሰፊ፣ በበፍታ አንሶላና በሱፍ ብርድ ልብስ የተነጠፈ ነው። በማዕዘኑ የመዳብ መታጠቢያ አለ፤ ውኃው በጥቁር በርሜል በፀሐይ ሞቆ በቧንቧ ይመጣል። በሩ ሲገለጥ ሐይቁ ከአልጋው ላይ ይታያል። አባባ ሸራ በአንዱ አልጋ ጫፍ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ወዲያው ደግሞ ተነሡ።

«ምነው አባባ፣ አልተመችዎትም?» አለች የካምፑ ባለቤት።

«እጅግ ተመችቶኝ ነው ልጄ። ባለቤቴ ይህን አልጋ ካየች ቤት አትመለስም።»

እንግዶቹ ሊመጡ በታሰበበት ቀን ጧት አባባ ሸራ ገመዶቹን ለማጥበቅ፣ እማማ ቀፎ ለእንግዶቹ ማር ለማድረስ፣ ልጃቸው ደግሞ መጋረጃዎቹን ለመስቀል ሦስቱም ወደ ካምፑ ሄዱ። ዐሥር እንግዶች በአምስት ድንኳን ሊያርፉ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳሉ። ገና ከመኪናው ሲወርዱ የካምፑ ወጥ ሠሪ ሽርጡን እንዳሸረጠ እየሮጠ መጣ።

«ስድስተኛው ድንኳን ያጉረመርማል!»

«ማን ነው የሚያጉረመርመው?»

«ድንኳኑ ነው የምላችሁ! ሰው የለበትም፤ ድንኳኑ ራሱ!»

ቀርበው አዩት። በሁለቱ ጣሪያዎች መካከል፣ በመሰላል ብቻ በሚደረስበት ከፍታ፣ የንብ መንጋ በአግድም ምሰሶው ላይ እንደ ትልቅ የወይን ዘለላ ተንጠልጥሏል። በአምስተኛውና በሰባተኛው ድንኳን ላይም ጥቂት ንቦች እየዞሩ ሸራውን ይመረምራሉ። የካምፑ ጥበቃ ወደ ማደሪያው ሮጦ የተባይ መርዝ የሞላበት ጣሳ ይዞ ተመለሰ።

የካምፑ ባለቤት ፊቷ ቀላ። «ይህ ጣሳ በእኔ ግቢ ምን ይሠራል?»

«ለራሴ ነበር... ለትኋን» አለ ጥበቃው ዓይኑን እየሰበረ።

«አምጣው ወዲህ!» ጣሳውን ተቀብላ በእጇ ያዘችው። ለጥቂት ጊዜ ግን አላስቀመጠችውም፤ አንድ ጊዜ ንቦቹን፣ አንድ ጊዜ መንገዱን ታያለች። በመጨረሻ ጣሳውን መሬት ላይ አኖረችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እንግዲህ ምን ይደረጋል? ጫካ ውስጥ ነን። ንብ የወደደችው ላይ ታርፋለች። የማንም ጥፋት አይደለም።»

የማንም ጥፋት አይደለም። ይህ ቃል ለአባባ ሸራ እንደ ተከፈተ በር ነበር። ባለቤታቸው የአምስተኛውን ድንኳን ገመድ ተንጠራርተው ያዙ፤ የጣሪያውን ጠርዝ ወደ አፍንጫቸው ሳቡ፤ አሸተቱት። ከዚያ ዞር ብለው ባላቸውን አዩ። ልጃቸው መጋረጃ በእጇ እንደ ያዘች በሦስተኛው ድንኳን በር ቆማለች።

አባባ ሸራ የሚመርጡት ነገር በፊታቸው ግልጽ ሆኖ ቆመ። ዝም ካሉ ይህ መንጋ ይነሣል፤ እንግዶቹ ይገባሉ፤ የሃያው ትእዛዝ ይመጣል፤ ልጃቸውም ትቀራለች። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሌላ መንጋ ቢመጣም «ጫካ ነው» ይባላል። ከተናገሩ ግን አምስት ጣሪያ ዛሬውኑ ይወርዳል፤ ቃላቸው ይፈርሳል፤ ልጃቸውም ወደ ግራ ኪሷ ትመለሳለች። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የምኑ ጥፋት?»

«ሰሙ ሁለት ጊዜ መፍላት ነበረበት። የእነዚህ አምስቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የፈላው። የማርና የቀፎ ሽታ አለባቸው፤ ንቦቹን የጠራቸው እሱ ነው። ይኸኛውን ብናነሣ ሌላ ይመጣል። እነዚያ ሦስቱ ግን ንጹሕ ናቸው።»

የካምፑ ባለቤት ቀና ብላ ጣሪያዎቹን አየች። «ያውቁ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ አፍላው ተብዬ ነበር። ሽታውን ወደድኩት፤ ጊዜውም አጠረኝ። ንብ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። መታዘዝ ግን ነበረብኝ።»

«አባባ፣ ዐሥር ሰው መንገድ ላይ ነው እኮ!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «እኔ የእርስዎን ቃል አምኜ ነው ሁሉን የተውኩት! ሌሎች ሰፊዎች በአውሮፓ ሸራ እንሥራልሽ ሲሉኝ፣ አይሆንም፣ እኚህ ሽማግሌ አሉልኝ ያልኩት እኔ ነኝ!»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አይበሉኝ! ምን ላድርግ?»

ይህን ጊዜ እማማ ቀፎ ነጠላቸውን በወገባቸው አጠበቁ። «ሦስቱ ድንኳን ስድስት ሰው ይይዛል። ለቀሩት አራት ሰዎች ከሌሎች ሁለት ድንኳኖች ላይ የላይኛውን ጣሪያ አውርዱ፤ የውስጡ ብቻውን ይበቃል። ሰማዩ የጠራ ነው፣ ዛፎቹ ጥላ ናቸው። ንቦቹን ለኔ ተዉልኝ። አንተ» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው፣ «መሰላል ያዝልኝ።»

«እኔ?»

«አንተ ነህ እንጂ የጠራሃቸው። ሳትቀበላቸው ልትቀር ነው?»

ወጥ ሠሪው አንድ ባዶ ሣጥን አመጣ፤ እማማ ቀፎ ውስጡን በማር አሽተው አዘጋጁት። ጥቂት የደረቀ ቅጠል በሌላ ባዶ ጣሳ ውስጥ አጭሰው ወደ መሰላሉ ወጡ። አባባ ሸራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ የሚያውቁትን ጸሎት ሁሉ በልባቸው ይደግሙ ነበር።

«አትንቀጥቀጥ! መሰላሉ እየዘፈነ ነው!»

«አልተንቀጠቀጥኩም፤ ነፋስ ነው።»

«ነፋሱ ጢም አለው እንዴ? ቀጥ በል!»

አንዲት ንብ በጆሯቸው ጫፍ ላይ ነደፈቻቸው። አባባ ሸራ ጮኹ እንጂ መሰላሉን አልለቀቁም። በዚሁ ቅጽበት ደግሞ እንግዶቹ ከሰዓታቸው ቀድመው ደረሱ። ከመኪናው ወርደው፣ አንዲት አሮጊት በባዶ እጃቸው የንብ ዘለላ እያግባቡ ወደ ሣጥን ሲያስገቡ አዩና በርቀት ጸጥ ብለው ቆሙ። አውራይቱ ንብ ገብታ የቀሩት እንደ ወታደር ሰልፍ ሲከተሏት ዐሥሩም አጨበጨቡ።

«ይህ ትርኢት በየቀኑ አለ?» ብለው አንዲት እንግዳ ጠየቁ።

«የለም እትዬ፤ የዛሬ ብቻ ነው» አለች የካምፑ ባለቤት በጥርሷ መካከል። ወደ አባባ ሸራ ግን አልተመለከተችም።

ወደ ማታ አምስቱን ጣሪያዎች አጣጥፈው በጭነት መኪና ላይ ጫኑና ተመለሱ። እማማ ቀፎ የንቦቹን ሣጥን ይዘው ከሾፌሩ ጎን፣ አባትና ልጅ ደግሞ ከኋላ በሸራው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር» አለች ልጅቱ።

«እናትሽ ታውቅ ነበር።»

«እማዬማ ምን የማታውቀው አለ? ከእሷ በቀር ማለቴ ነው።»

«ከሥሩ የሚተኛ ሰው ነበረ ልጄ። ሕፃን ይዞ ቢሆንስ? ፊቱን ቢነድፉትስ?» ጆሯቸውን ዳበሱ፤ እንደ ቲማቲም አብጧል። «ያንቺን ነገር ግን በገዛ እጄ አበላሸሁት። ይቅር በይኝ።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

ከፈቃዷ አምስት ቀን ቀርቷት ነበር። አምስቱንም ቀን ከጧት እስከ ማታ ሠሩ። አሮጌውን ሰም በሞቀ ውኃና በእንጨት ቢላ ፈቀፈቁት፤ ሸራውን አጠቡት፤ ፀሐይ ላይ ዘረጉት። አዲሱን ሰም ያፈሉት እማማ ቀፎ በበርጩማ ተቀምጠው እያዩ ነበር። «አንድ» ይላሉ በመጀመሪያው ፍል፤ «ሁለት» ይላሉ በሁለተኛው፤ ባላቸውም እንደ ተማሪ አብረው ይቈጥራሉ። ብስክሌት ጠጋኙ ሳይቀር መጥቶ ካውያ ያዘ። ከካምፑ ግን በእነዚያ ቀናት ምንም መልእክት አልመጣም። በአራተኛው ቀን ልጅቱ የአውቶቡስ ትኬቷን ቈረጠች፤ አባቷ አዩ፤ ብሩሻቸውን ወደ ሰሙ መለሱ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የካምፑ ባለቤት ብቻዋን መጣች። የተጣጠፉትን ጣሪያዎች አንድ በአንድ ገልጣ አሸተተች። ምንም አይሸቱም ነበር።

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ያን ዕለት በጣም ተናድጄ ከሃያው ትእዛዝ ዐሥሩን ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ቃል ገብቻለሁ፤ አላጥፈውም።»

«ተገቢ ነው።»

«ቀሪውን ዐሥሩንም ልሰጠው ነበር። ከዚያ ግን ያ ሰው ናሙና ይዞ መጣ። ውኃ ያስገባል ወይ አልኩት፤ አያስገባም አለኝ። ሽታ አለው ወይ አልኩት፤ የለውም አለኝ። የጠየቅሁትን ሁሉ የለም፣ የለም ይለኛል። እቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የሚበላሸውን ነገር ሳልጠይቀው የሚነግረኝ አንድ ሰው ነው ያለኝ።» የመጨረሻውን ጣሪያ መልሳ አጠፈች። «ዐሥሩ ድንኳን የእርስዎ ነው። ጥገናውም የሁሉም ካምፕ የእርስዎ ነው። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ፤ ሰሙን እማማ ሳያዩት እንዳይቀባ።»

«ይህን በወረቀት ጻፊልኝ» አሉ እማማ ቀፎ። «ሠላሳ አራት ዓመት በቃል ስነግረው አልሰማኝም።»

አባባ ሸራ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሃያ ነበር የተባለው፤ የመጣው ዐሥር ነው። ልጅቱ ያወጣችው መለኪያ ሃያ እንደ ነበር ያውቃሉና ምን እንደምትል አላወቁም።

ልጅቱ ትኬቷን ከኪሷ አወጣች፤ ጥቂት አየችው። ከዚያ በጥንቃቄ አጣጥፋ ለእናቷ ሰጠቻቸው። «እማዬ፣ ከመናኸሪያው ሰውዬ ጋር የምትተዋወቂው አንቺ ነሽ። ይመልስልን።»

«ዐሥር ብቻ ነው እኮ ልጄ» አሉ አባቷ ቀስ ብለው።

«ሰማሁ አባዬ። ዐሥር ድንኳንና በካውያ የተቃጠለ አምስት ጣት ለአንድ ዓመት ይበቃናል። ለዓመቱ ደግሞ ያኔ እናስባለን።» የሜትሩን ገመድ አንሥታ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ወደ ካምፑ ባለቤትም ቀና አለች። «የተራራው ማዶ ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው? በሩን ወዴት ልቍረጠው?»

እስከ መሸ ድረስ አራቱም በወለሉ ላይ ተቀምጠው በኖራ ሲያሰምሩ ቆዩ።

ምሕረቱ የማያልቅ አምላክ የእኚህን ሰው እጅ ያጽና፤ ባለቤታቸውን በጤና በዕድሜ ያቆይ፤ ወደ ቤቷ የተመለሰችውን ልጅ ሥራ ይባርክ። ከጣሪያቸው ሥር የሚያርፍ እንግዳ ሁሉ በሰላም ይደር፤ በቤታቸውም ፍቅርና ሣቅ አይጉደል። አሜን።